ሸፍኚው እንጂ አታፍኚው

አንገቴ ላይ፣ ከግራ ጆሮዬ ዝቅ ብሎ፣ የተጨማደደ ጠባሳ አለ። አንዳንዱ ሰው አይቶ ይጠይቀኛል፤ አብዛኛው በዐይኑ ብቻ ጠይቆ ያልፋል። ለጠየቀኝ ሁሉ አንዴ አሳጥሬ፣ አንዴ አስረዝሜ ስመልስ ኖሬያለሁ። አሁን ከመነሻው እስከ መድረሻው ልጽፈው የፈለግሁት፣ እኔ በታመምኩ ጊዜ «ይህ ነገር ይህ ነው፤ የሚታከመውም እዚህ ነው» የሚለኝ ሰው አጥቼ ብዙ ስለተንከራተትኩ ነው። ይህን ያነበበ አንድ ሰው መንገዱ ከኔ ግማሹን እንኳ ቢያጥርለት ደስ ይለኛል።

ዘመኑ ሰማንያዎቹ ሊያልቁ አካባቢ ነው። ንፋስ ስልክ፣ ከታናሽ እህቴ ከአስቴር፣ ከባሏ ከተፈራና ገና አፏን በመፍታት ላይ ከነበረችው ልጃቸው ከማርታ ጋር እኖር ነበር። ሠላሳን አልፌያለሁ፤ አላገባሁም። በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ እሰፋለሁ። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ ነው፤ እጅጌውን ሌላ ሰው፣ ኪሱን ሌላ ሰው ይሰፋዋል። ከሥራ ስመለስ ማርታ በር ላይ ትቀበለኛለች፤ ማታም ከኔ ጎን ካልሆነ አትተኛም። የእህቴ ቤት ቤቴ ነበር።

አንድ ጠዋት ስታጠብ ማተቤን ላስተካክል ስል ከመንጋጋዬ ሥር ሽንብራ የምታህል ነገር ጣቴን ነካችው። አታምም። ስጫናት ትንሸራተታለች። የማያም ነገር ማን ልብ ይላል? ተውኳት። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ ባቄላ አከለች፤ ለገና ደግሞ ከጎኗ ሌላ ተጨምሮ አንገቴ በአንድ ወገን ወፍሮ መታየት ጀመረ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሳሪስ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ነው። ያየኝ ሰው አፌን አስከፍቶ በባትሪ ተመለከተና «ቶንሲል ነው» አለኝ። መርፌ ታዘዘልኝ፤ ተወጋሁ፤ እብጠቱ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ «የእንቅርት ጅማሮ ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው ብዪ» ተባልኩ። እንቅርት ከጉሮሮ ፊት ለፊት እንጂ ከጆሮ ሥር እንደማይወጣ ያኔ አላውቅም፤ ነጭ ጋዋን የለበሰን ሰው «እርግጠኛ ነዎት ወይ?» ብሎ መጠየቅም አልለመደብንም። ደመወዜ ከክሊኒክና ከፋርማሲ አያልፍም ነበር። ጨዉንም በላሁ፤ ጠበልም ተጠመቅሁ። ጠበሉ ልቤን አሳረፈልኝ፤ እብጠቱ ግን እንዳለ ነበር።

በዐቢይ ጾም አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሥር የምታውቅ ሴት ዘንድ ወሰደችኝ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ዳሰሰችኝ፣ አዘነችልኝ፣ ከዚያም የተወቀጠ ነገር ቀባችኝ። ሌሊቱን እንደ እሳት ሲፈጀኝ አደረ። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ፈነዳ፤ ቤተሰቡ ሁሉ «እሰይ፣ ወጣልሽ» አለ። የወጣው ፈሳሽ ግን አልቆም አለ። ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ፤ ቁስሉ አፉን እንደከፈተ ቀረ። አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ምንነቱ ያልታወቀ እብጠት አታስቆርጡ፤ ምንም ነገር አታስቀቡ። ጠባሳዬን ያከፋው ከበሽታው ይልቅ ያ ቅባት ነው።

በዚህ መሀል እኔ ራሴ እየቀለልኩ ሄድኩ። ወደ ማታ ገደማ ትኩሳት ይጀምረኛል፤ ስነቃ አንሶላዬ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ቀሚሴ ከወገቤ እየወረደ በመርፌ ቁልፍ መያዝ ያዝኩ። በዚያን ዘመን የከሳ ሰው ሁሉ «ኤድስ ይዞት ነው» ተብሎ ይታማ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ምሳ ስንበላ ከአጠገቤ የሚቀመጠው ሰው እየሳሳ ሄደ። የክፍል ኃላፊያችን አንድ ቀን ጠርታኝ፣ ፊቴን ሳታይ፣ «ኮሌታው ነጭ ነው፤ ከቁስልሽ እንዳይነካካ ለጊዜው ክር ልቀማ ላይ ሁኚ» አለችኝ። ጥግ ላይ ለብቻዬ ተቀምጬ ከተሰፋ ሸሚዝ ላይ ትርፍ ክር ስቆርጥ ሰነበትኩ። በኋላ እሱንም አልቻልኩም፤ የሕመም ፈቃድ ወጣሁ።

ሆስፒታል የሄድኩት አስቴር አስገድዳኝ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስተን በር ላይ ተሰለፍን፤ ካርድ እስክናወጣ ረፈደ። የተጠባባቂዎቹ ኮሪደር ረጅም ነው፤ አግዳሚዎቹ ከግድግዳው ጋር የተያያዙ ናቸው። ማንም ማንንም አያይም። ሁሉም የሚያየው የተዘጋውን በር ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁላችንም ብድግ እንላለን፤ የተጠራው አንዱ ይገባል፤ የቀረነው መልሰን እንቀመጣለን። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ድካሙ ከፊቱ ላይ ይነበባል። ከእጢው ውስጥ በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ ለምርመራ ላከና በሳምንቱ ዓርብ ተመለሽ አለኝ።

ዓርብ ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሙ ውጤቱን አየና «ነቀርሳ ነው» አለ። ወዲያው ሌላ ታማሚ በአልጋ እየተገፋ ገባ። ለነርሷ የሆነ ነገር ነገራትና ወደዚያ ዞረ። ነርሷ መድኃኒት የሚጀመርበትን ክፍል በእጇ አሳየችኝ፤ ስደርስ ተዘግቷል። ዘበኛው «ሰኞ» አለኝ።

ለኛ ለተራዎቹ ሰዎች ነቀርሳ ማለት አንድ ነገር ነው፤ የማይድነው። ከሆስፒታሉ በር እስከ ታክሲው ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። ቤት ገብቼ «ነቀርሳ ነው አሉኝ» ስል አስቴር የያዘችው ሳህን ከእጇ ወደቀ።

ከዚያ እስከ ሰኞ ያሉት ቀናት፣ የሚገርመው ነገር፣ በሕመሜ ዘመን ሁሉ የተወደድኩባቸው ቀናት ናቸው። አስቴር ሌሊቱን አልጋዬ ላይ አቅፋኝ አደረች። ቁስሌን በገዛ እጇ፣ ለብ ባለ ጨውና ውኃ አጠበችልኝ። ተፈራ፣ ብዙ የማያወራው ሰው፣ ብርቱካን ገዝቶ መጥቶ ራሱ ልጦ አቀረበልኝ። «አይዞሽ ጽጌ፤ እኛ አለንልሽ» አለኝ። ማርታ ከጭኔ አልወረደችም። ልሞት ነው ብዬ አልቅሼ ሳበቃ፣ በእነዚህ ሰዎች መሀል መሞትስ ምን ይላል አልኩ።

ሰኞ ክፍሉ ተከፈተ። ውስጥ ያሉት ሰውዬ በዕድሜ የገፉ የጤና መኮንን ናቸው። ስለምንም ነገር አይቸኩሉም። ሁለት ዐይነት ነገር በአንድ ስም እንደምንጠራ አስረዱኝ። «አንዱ ካንሰር የሚባለው ነው። ያንቺ እሱ አይደለም። ያንቺ ቲቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳንባ ላይ ይወጣል፤ ባንቺ ደግሞ እጢ ላይ ወጣ። መድኃኒት አለው።»

«አልሞትም?» አልኳቸው።

«ስምንት ወር ሳታቋርጪ ትወስጂያለሽ። ካላቋረጥሽ ይድናል። መድኃኒቱን መንግሥት ነው የሚሰጥሽ።»

እየበረርኩ ነው ቤት የደረስኩት። ተፈራ ከሥራ ገብቶ ሻይ እየጠጣ ነበር፤ ማርታን አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ካንሰር አይደለም፤ ቲቢ ነው፤ ይድናል። አስቴር እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ተፈራ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ቲቢ ነው ያሉሽ?»

«ያንገት ነው እኮ። የሳንባ አይደለም።»

«ቲቢ ቲቢ ነው» አለ። ከዚያም ተነስቶ ማርታን ከጭኔ ላይ አነሳት። አልተቆጣም፤ አልገፈተረኝም። ቀስ ብሎ ነው ያነሳት።

በማግስቱ የኔ ብርጭቆና ሳህን ለብቻ ተቀመጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አስቴር ወደ ክፍሌ መጣች። በሩ ላይ ቆማ መቃኑን ተደገፈች።

«እትዬ፣ ለትንሽ ጊዜ ነው። ለማርታ ብለን ነው። ተፈራ ላፍቶ አካባቢ ክፍል አይቶልሻል።»

«እንደማይተላለፍ ነግረውኛል፤ ያንገቱ በትንፋሽ አይሄድም።»

«እኔ መቼ ጠፋኝ? ግን እሱ እንቅልፍ የለውም።» ልትሞት ነው ባሉ ጊዜ አልጋዬ ላይ ያደረች እህቴ፣ እድናለሁ ስላት ከበሩ ወዲህ አላለፈችም። ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ ሳብሰለስለው ኖሬያለሁ። ክፋት ነው ብዬ አልደመድምም፤ የሚሞትን ሰው መውደድ ይቀልላል፤ ከሚድን ጋር መኖር ግን ወራት ይፈልጋል።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ላፍቶ ገባሁ። ዛሬ ላፍቶን የሚያውቅ የያኔውን አያውቀውም። ከክፍሌ ኋላ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ለቡ የጤፍ ማሳ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ራሴ የማወራው እንኳ አይሰማኝም። ደግሞም ከማን ጋር አወራለሁ? ከአጠገቤ ያሉት ክፍሎች ውስጥ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። በግድግዳው በኩል የሬዲዮ ድምፅ ይመጣል፤ ንግግሩ አይለይም፤ የሰው ድምፅ መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ምግብ ሠርቼ ለአንድ ሰው ሳቀርብ ስለሚበዛብኝ መሥራቱን እየተውኩ ዳቦና ሻይ አበዛሁ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከአፌ የሚወጣው ቃል ጤና ጣቢያ የምናገረው ብቻ ነበር።

መድኃኒቱን እንድጀምር ከሆስፒታሉ የተላክሁበት ጤና ጣቢያ በእግር ይደረሳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየቀኑ መሄድ ግዴታ ነው፤ መርፌውን ይወጉሃል፤ ኪኒኑን እነሱ እያዩህ ትውጣለህ። ኃላፊዋ ሲስተር ዘነበች ትባላለች። ድምፅዋ ጎላ ያለ፣ እጇ ግን ቀላል የሆነ ሴት ነች። መጀመሪያ ቀን ኪኒኑን ውጬ ቤት ከገባሁ በኋላ ሽንቴ እንደ ብርቱካን ቀልቶ ሳይ ደም መሰለኝና ተመልሼ ሮጥኩ። ሳቀች። «መድኃኒቱ ነው፤ ልነግርሽ ረስቼ ነው። እንዲያውም ካልቀላ ነው አልዋጥሽም የምልሽ» አለችኝ። እኔም ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ችግሬ ቁስሉ ነበር። መንገድ ላይ የሰው ዐይን አያሳርፈኝም፤ ዝንብም አለ። ስለዚህ ነጠላዬን አንገቴ ላይ ደጋግሜ ጠምጥሜ አስራለሁ። ጨርቁ ከቁስሉ ይጣበቃል፤ ማታ ስፈታው የደረቀውን ይዞት ይነሳል፤ እንደገና ይደማል። ሲስተር ዘነበች አየችውና ተቆጣች።

«እንዲህ አንቀሽ ይዘሽው እንዴት ይድናል? አየር ይፈልጋል።»

«ሲስተር፣ ገልጬው እንዴት ልሂድ?»

«ግለጪው አላልኩም። ሸፍኚው እንጂ አታፍኚው።» ስስ ፋሻ አደረገችልኝና ከላዩ ላላ ያለ፣ ስስ ነገር ጣል አድርጊበት አለችኝ።

ይህን ስትለኝ ከበሩ ውጪ አግዳሚው ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ትሰማ ነበር። የሚያስሉትን ሲስተር ዘነበች ውጪ፣ ነፋስ ባለበት ነበር የምታስቀምጣቸው። ሴትዮዋ ደስታ ትባላለች። የሆሳዕና ሰው ነች፤ ጎፋ ክፍል ተከራይታ ሹራብ እየሠራች ትሸጥ ነበር። ተራዋን ስትጠብቅም እጆቿ አያርፉም። ስወጣ ጠራችኝ።

«እህቴ፣ ስስ ነገር አይደል ያለችሽ? ራስሽ ትሠሪዋለሽ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሻርፕ። ላላ ይላል፣ አየር ያስገባል፣ ከሩቅ ሲያዩት ጌጥ ነው።»

«የስፌት መኪና እንጂ በመርፌ መሥራት አላውቅም።»

«ጌታ ይመስገን፣ እኔ አውቃለሁ» አለች። በማግስቱ ከአሮጌ ጃንጥላ ዘንግ የተሠሩ፣ ጫፋቸው በድንጋይ የተሞረደ ሁለት መርፌዎች ይዛልኝ መጣች። «ክሩን ግን አንቺ ነሽ የምትገዥው። ምን ቀለም ትወጃለሽ?»

ለማርታ ቢጫ እንደሚያምርባት አውቃለሁ፤ አስቴር ቀይ እንደምትወድ አውቃለሁ። እኔ ምን እንደምወድ ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ አስቤበት አላውቅም። ሳሪስ ከአንድ ሱቅ ገብቼ ክሮቹን አንዱን እያነሳሁ አንዱን እያስቀመጥኩ ብዙ ቆየሁ። ባለሱቁ «ለማን ነው?» ሲለኝ «ለእህቴ» አልኩት፤ ለምን እንደዋሸሁ እንጃ። በመጨረሻ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ቀጭን ክር መረጥኩ። ደስታ ስታየው «ለማን እንደሆነ ያስታውቃል፤ ፊትሽን ያበራዋል» አለችኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ እሷ ስትሠራው ግን የበለጠ ይቀልላል። መጀመሪያ ቀለበቶቹን በአንዱ መርፌ ላይ ላላ አድርጎ መደርደር ነው። ከዳርና ከዳር ጥቂት ቀለበት ልሙጥ ይተዋል፤ ጠርዙ እንዳይጠቀለል። መሀሉ ላይ ስትደርስ፣ «ሁለቱን ባንድ ላይ ትሠሪያለሽ፤ አንድ ጎደለ። ከዚያ ክሩን በመርፌው ላይ እንዲሁ ትጠመጥሚያለሽ፤ የጎደለው ተመለሰ። የጠመጠምሽበት ቦታ ቀዳዳ ይሆናል። እንዲህ እያልሽ እስከ ዳር። ስትመለሺ ልሙጡን ብቻ ነው» ትለኛለች። እኔ መጠምጠሙን እየረሳሁ ሻርፑ ከላይ እየጠበበ ሄዶ ሦስት ማዕዘን ሆነ። ደስታ አይታው ሳቋን ያዘችና ሙሉውን ፈታችው። «ክር አይደለም ወይ?» አለችኝ። «ክር ተፈታ ተብሎ አይለቀስም።»

ዝናቡ ካልበዛ ተራችን ከደረሰም በኋላ እንቀመጣለን። እሷ ስለ ሆሳዕና፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ መዝሙር፣ ስላላገባት ሰው ታወራኛለች፤ እኔ ስለ ማርታ። ሳል ሲይዛት ፊቷን አዙራ አፏን በጨርቅ ትሸፍናለች፤ ሲያልፍላት ካቆመችበት ትቀጥላለች። ከዚያ እነሳና ወደ ክፍሌ እሄዳለሁ። ከሰዓት በኋላው ረጅም ነው። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እሠራለሁ፤ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ «ሁለቱን ባንድ፣ ጠምጥሚ» እያልኩ። የራሴም ቢሆን የሰው ድምፅ ነበር። በየቀኑ የምወጋው መርፌ ጆሮዬን እያጮኸው፣ ራሴን እያዞረኝ ስለነበር እየተሳሳትኩ መልሼ እፈታለሁ። ጭንቀቴ ግን ይቀንሳል። የምፈራውን ሁሉ ሳስብ እጄ ይሳሳታል፤ እጄን ሳስብ ደግሞ ፍርሃቱ ይጠፋል።

ነሐሴ ውስጥ ደስታ ሳትመጣ ቀረች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ጠበቅኋት። በሦስተኛው ሲስተር ዘነበች «ቤቷን ታውቂዋለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደስታ ቀደም ብላ በነገረችኝ ምልክት ጎፋ ድረስ ሄድኩ። አከራይዋ ከበሩ ሳትወጣ «አገሯ ገባች። ሳሉ ቆሞላት ነበር፤ ድኛለሁ ብላ ዕቃዋን ሸጣ ሄደች» አለችኝ።

ለሲስተር ዘነበች ስነግራት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት» አለች። «ሳሉ ሲቆም የዳኑ ይመስላቸዋል። በሽታው ግን ተኝቶ ነው እንጂ አልወጣም። ሲመለስ መድኃኒቱን የለመደ ሆኖ ነው የሚመለሰው።» ሆሳዕና ላለው ጤና ጣቢያ ለማሳወቅ ሞክራ ነበር። መልስ መምጣቱን እንጃ። ስለ ደስታ እስከ ዛሬ ምንም አልሰማሁም። እንዲህ ዐይነት መድኃኒት የጀመረ ሰው ይህን ካነበበ፣ የተሻለው ቀን ከሁሉም ቀን የበለጠ አደገኛ መሆኑን ይወቅ። እኔም ቁስሌ ሲደርቅ፣ ሥጋ ሲመለስልኝ፣ መተው አምሮኝ ያውቃል። አግዳሚው ላይ የደስታ ቦታ ባዶ ሆኖ ሳይ ነው ኪኒኑን የዋጥኩት።

ከመስከረም ወዲህ መርፌው ቆመ፤ ኪኒን በወር አንዴ ተቀብዬ ቤቴ የምውጥ ሆንኩ። በየቀኑ «ደህና አደርሽ» የምትለኝ ሲስተር ዘነበች ብቻ ነበረች፤ እሱም ቀረ። የነበረኝ ሻርፑ ብቻ ነው። እሱም ሌላ ችግር አመጣ፦ ደስታ እንዴት እንደሚጀመርና እንደሚሠራ እንጂ እንዴት እንደሚዘጋ አላሳየችኝም። ከመርፌው ባወጣው ይፈታል። የምጠይቀው ሰው የለም። ስለዚህ መሥራቴን ቀጠልኩ። ክሩ አልቆ ሌላ ገዛሁ፤ ያው ቀለም ቢሆንም ትንሽ ጠቆር ይላል። ሻርፑ ከጭኔ ወረደ፤ ከጉልበቴ ወረደ፤ መሬት ነካ፤ አጥፌ አልጋው ላይ አስቀምጬ ቀጠልኩ።

ከመስቀል በኋላ አንድ እሑድ በሩ ተንኳኳ። አስቴር ነች፤ ብቻዋን። ስንለያይ እንደነበረው በሩ ላይ ቆመች።

«ደህና ነሽ፣ እትዬ?»

«ደህና ነኝ።»

«ወፈር ብለሻል።»

«ተመስገን ነው።»

ዐይኗ አልጋው ላይ ከተቆለለው ሐምራዊ ነገር ላይ አረፈ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሻርፕ ነው። የኔ።»

«ለአንድ ሰው?»

«አልዘጋ ብሎኝ ነው። አዘጋጉን አላውቅም።»

መጀመሪያ ሳቀች። ማርታን እርጉዝ ሳለች ካልሲና ኮፍያ ስትሠራ አይቻታለሁ፤ ታውቀዋለች። ከዚያ ሳቋ ተበላሸባት። «እኔ እያለሁልሽ? ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«የት አግኝቼሽ?» አልኳት። ልጎዳት ብዬ አልነበረም፤ እንደመጣልኝ ነው የተናገርኩት። አስቴር ግን ነጠላዋን ዐይኗ ላይ አደረገች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ገባችና አልጋው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። ከሰኔ ወዲህ ክፍሌ ገብቶ ሰው ከጎኔ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ሰውነቷ ሲሞቀኝ ምን ያህል በርዶኝ እንደኖረ ገባኝ።

መርፌዎቹን ከእጄ ወሰደች። «በጣም ረዝሟል፤ ከዚህ ወዲህ ያለውን ልፍታው?»

«አትፍቺው።»

አልተከራከረችኝም። ሁለት ቀለበት ትሠራለች፤ የኋለኛውን በፊተኛው ላይ አዝልላ ትጥላለች፤ አንድ ይቀራል፤ ሌላ ትጨምራለች። ሌላ ነገር የለውም። ያን ሁሉ ጊዜ ያስጨነቀኝ ይህ ነበር። ግማሽ ስትደርስ መርፌውን ለኔ ሰጠችኝና የቀረውን እኔ ዘጋሁት። ክሩን ቆርጣ በመጨረሻው ቀለበት አሳለፈችና ሳበችው።

«ላየው?» አለችኝ። አንገቴን ማለቷ ነው። ፋሻውን ፈታሁ። ቁስሉ ከደረቀ ሰንብቷል። በጣቷ ነካችው፤ ነክታውም እጇን ወዲያው አላነሳችም። ከዚያ ሻርፑን ሦስቴ ዞር አድርጋ አለበሰችኝ፤ አሁንም ጫፉ ወገቤ ጋ ደረሰ።

ልትሄድ ስትል «ወደ ቤትሽ ተመለሽ» አለችኝ። «ተፈራንም እኔ እነግረዋለሁ። ማርታ ስምሽን እየጠራች ነው።»

«እመጣለሁ፣ አስቱ። ግን እንግዳ ሆኜ ነው የምመጣው» አልኳት። ታክሲ ድረስ ሸኘኋት። ተመልሼ ክፍሌን ስከፍት ጠዋት ከነበረው የበለጠ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ።

መድኃኒቱን የካቲት ላይ ጨረስኩ። ሲስተር ዘነበች አንገቴን ዳስሳ፣ ክብደቴን መዝና፣ «በቃ፣ ሂጂ፤ ሁለተኛ እንዳታመጪው» አለችኝ። ውጪ ወጣሁ፤ የምነግረው ሰው አልነበረም። ቁልቁል እስከ ዋናው መንገድ ሄጄ አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዛሁና ቤቴ ገብቼ ብቻዬን በላሁ። ፋብሪካው መልሶ ተቀበለኝ፤ ኮሌታው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስለነበር እጅጌ ላይ ሆንኩ። ሻርፑን ስለብስ «ከየት አመጣሽው?» የሚሉኝ በዙ። «ሠርቼው ነው» እላለሁ። «ሥሪልን» ሲሉኝ አጀማመሩንም አዘጋጉንም አሳያቸዋለሁ እንጂ አልሠራላቸውም።

እህቴ ቤት በበዓል በበዓል እሄዳለሁ። ስሜን ትጠራለች የተባለችው ማርታ መጀመሪያ ቀን አላወቀችኝም፤ በሦስተኛው ነው የመጣችልኝ። ተፈራ ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። ሰላም ይለኛል፤ ወንበር ያቀርብልኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ ተፈራ ላፍቶ ድረስ መጣ። ከኋላው ታናሽ ወንድሙ ነበር፤ ከገጠር የመጣ፣ ጎልማሳ ሰው፣ አንገቱ ላይ ጋቢ የጠመጠመ። ጋቢው ለምን እንደተጠመጠመ ሳይነግሩኝ ገባኝ።

«ጽጌ» አለ ተፈራ፤ መሬት መሬት እያየ። «አንቺ የታከምሽው የት ነበር?»

«ሰኞ በጠዋት ኑ፤ እወስዳችኋለሁ» አልኩት።

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ጤና ጣቢያው ይዣቸው ሄድኩ። ተፈራ ከአጥሩ በር አላለፈም። አግዳሚው ላይ የሚያስሉትን ሰዎች አየና «እዚህ ሆኜ ልጠብቃችሁ» አለ። ወንድሙ ግራ ገብቶት አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ተመለከተ። ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ከጎኔ ያለውን ቦታ በእጄ አሳየሁት። መጣና ተቀመጠ። ሲስተር ዘነበች ስሙን እስክትጠራ ድረስ ትከሻ ለትከሻ ሆነን ጠበቅን።